የሚጠጡበትን ሰዓት የሚይዝ ስብሰባ ይፈልጉ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 43 ነው። የምኖረው በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ሲሆን የምሠራው በዋሽንግተን ከተማ መሃል በመኪና ማቆሚያ ነው። ባለቤቴ የሌሊት ሠራተኛ ስለሆነች ማታ እሷ ከወጣች በኋላ ብቻዬን መጠጣት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ ዐቢይ ጾምን አልጠጣም፤ ፋሲካ ሲደርስ ግን ወደነበርኩበት እመለሳለሁ። አሁን ሐኪም አማክሬ ካቆምኩ ሰባት ሳምንት ሆኖኛል። ሐኪሙ የመደጋገፊያ ስብሰባ እንድገባ መከረኝና ከሥራዬ አጠገብ ወዳለ የኤኤ (መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚደጋገፉበት ማኅበር) የቀትር ስብሰባ አንድ ቀን ሄድኩ። የሚሰበሰቡት በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። እንግሊዝኛቸው ይፈጥናል፤ ስለ «ከፍ ያለ ኃይል» ያወራሉ፤ መጨረሻ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጸለዩ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ቦታዬ እንዳልሆነ ተሰማኝና አልተመለስኩም። ደግሞስ የማውቀው ሐበሻ ቢያየኝ? ለእኔ የሚስማማውን እንዴት ላግኝ?

ምላሽ፦ ከጻፉልኝ ሁሉ ቆም ብዬ ደግሜ ያነበብኩት «ማታ እሷ ከወጣች በኋላ» የሚለውን ነው። መጠጥ የሚያሸንፍዎት በዚያ ሰዓት ሆኖ ሳለ ስብሰባ የሄዱት በቀትር ነው፤ የመረጡትም ለሥራዎ ስለቀረበ ብቻ ነው። ከተማ መሃል በቀትር የሚሰበሰቡት ባብዛኛው የቢሮ ሠራተኞችና ጡረተኞች ናቸው። ሠራተኞቹ የምሳ ሰዓት ሳያልቅ ተናግረውና ጸልየው ወደ ሥራቸው መመለስ ስላለባቸው ይጣደፋሉ። እንግሊዝኛው የፈጠነብዎት በከፊል በዚህ ይመስለኛል። እርስዎም በዚያ ሰዓት መጠጥ በሐሳብዎ ስለማይመጣ ንግግራቸው የሌላ ሰው ጉዳይ ሆኖብዎታል።

ስለዚህ የድርጅት ስም ከማማረጥዎ በፊት ሰዓት ይምረጡ። መጨረሻ የጠጡበትን ወር ያስታውሱና ስንት ሰዓት ላይ ይጀምሩ እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ማን እንደነበረ፣ ከዚያ በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር በወረቀት ላይ ይጻፉት። በሥራዬ የትዳር ጓደኞቻቸው ሌሊት የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። አብዛኞቹ እንደሚነግሩኝ ጥማቱ የሚነሣው በሩ ሲዘጋ ሳይሆን ገና ባለቤታቸው የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ምሳ ዕቃቸውን ሲቋጥሩ ነው። እጅ ምንም ሳይነካ ሐሳብ ጠርሙሱ ወደተደበቀበት ቁም ሳጥን ቀድሞ ይሄዳል። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ የሚፈልጉት በሐበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ወይም 1፡30 ላይ የሚጀምር ስብሰባ ነው። አንድ ሰዓት ተቀምጠው ባለቤትዎ ሳይወጡ ቤትዎ ይደርሳሉ። ሲገቡም ሰው አነጋግረው፣ ሌሊት ሊደውሉለት የሚችሉትን ሰው ስልክ ቁጥር ይዘው ነው።

ኤኤ፣ ማለትም አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ የተወለደውም ከእንዲህ ዓይነት ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው በኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ የሄደበት ጉዳይ ከሽፎበት በሜይፍላወር ሆቴል መግቢያ ብቻውን ይንጎራደድ ነበር። መጠጥ ካቆመ አምስት ወር ገደማ ሆኖታል። በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱ ጨዋታና ሳቅ ይሰማል፤ በሌላ በኩል ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር አለ። ስልኩን አነሣ። ደውሎ የጠየቀው የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ እንዲያገናኙት ነበር። በማግስቱም ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ስሚዝ 15 ደቂቃ ብቻ እቆያለሁ ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ተቀምጦ አወራ። እሱም ቢሆን ወዲያው አልተላቀቀም፤ ለሐኪሞች ጉባኤ ወደ አትላንቲክ ሲቲ በሄደበት አገረሸበት። የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው ጁን 10 ቀን 1935 ሲሆን ማኅበሩ የተመሠረተበት ቀን ተብሎ የሚከበረውም ይኸው ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ከመጀመሪያው ውይይት በኋላ ወድቆ ከተነሣ እርስዎ ከአንድ ስብሰባ በኋላ ቢያመነቱ አይደንቅም።

የዐቢይ ጾሙን ነገር የጠቀሱት በሁለት ልብ ሆነው ይመስለኛል። ብዙ ወገኖቻችን «55 ቀን የምታገሥ ሰው ምኑን ሱሰኛ ሆንኩ?» ይሉኛል። ለማቆም መቻልዎ እውነት ነው። ነገር ግን በጾሙ ጊዜ ብቻዎን አላቆሙም። ቤቱ ይጾማል፣ ዘመዱ ይጾማል፣ ግብዣው ይቀራል፣ የሚያበቃበትም ቀን ይታወቃል። ጾሙ ሲፈታ ያ ሁሉ ድጋፍ በአንድ ሌሊት ይነሣና «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» የሚለው ይበረክታል። ለእርስዎ ከባዱ ማቆሙ አልነበረም፤ ካቆሙ በኋላ አብሮ የሚቆም ሰው ማጣት ነበር። የመደጋገፊያ ስብሰባ የሚሰጠው ያንኑ አብሮነት ነው፤ ያውም ማብቂያ ቀን ሳይቆርጥ።

ወደ ፍለጋው እንግባ። በእርስዎ አካባቢ ያሉትን የኤኤ ስብሰባዎች ዝርዝር የሚያወጣው የሰሜን ቨርጂኒያ ኢንተርግሩፕ፣ ማለትም የአካባቢው ቡድኖች የጋራ ጽሕፈት ቤት፣ ነው፤ ወንዙን ተሻግረው በዋሽንግተንና በሜሪላንድ በኩል ላሉት ደግሞ የዋሽንግተን አካባቢ ኢንተርግሩፕ አለ። «ሚቲንግ ጋይድ» የተባለው የኤኤ ነጻ የስልክ መተግበሪያም ያሉበትን ቦታ ተከትሎ በቀንና በሰዓት ለይቶ ያሳያል። ዝርዝሩ ላይ «ክፍት» እና «ዝግ» የሚል ምልክት ያያሉ። ክፍት ወደተባለው ቤተሰብም ሆነ ማንኛውም ሰው መግባት ይችላል፤ ዝግ የተባለው መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ስለዚህ እርስዎ ሁለቱም ጋ ይገባሉ። የአባልነት መስፈርቱ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ ክፍያም ምዝገባም የለም። ቅርጫት ሲዞር አንድ ሁለት ዶላር የሚጥል ይጥላል፤ አዲስ ሰው ባይሰጥ ማንም ቅር አይለውም። የወንዶች ብቻ፣ የሴቶች ብቻ፣ የጀማሪዎች የሚባሉም አሉ። እያንዳንዱ ቡድን ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ስለሆነ በአንድ ስም ሥር ጠባያቸው እጅግ ይለያያል፤ አንዱ ዘንድ ሳቅ ይበዛል፣ ሌላው ዘንድ እንደ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ተገልጦ ይነበባል። በማክሰኞው ቡድን የሐሙሱን አይመዝኑ።

ቋንቋውን በተመለከተ የስብሰባውን ዓይነት መምረጥ ብዙ ያቀልልዎታል። ሁሉም እየተቀባበለ የሚናገርበት ትልቅ የውይይት ስብሰባ ለጆሮ ከባድ ነው፤ ለጊዜው ይተውት። አንድ ሰው ብቻ የሕይወት ታሪኩን ረዘም አድርጎ የሚናገርበት ዓይነት አለ፤ እዚያ መስማት ብቻ ነው። ከሁሉ የምመክርዎ ግን የኤኤን መጽሐፍ ወይም አባላቱ ለማገገም ከሚከተሏቸው 12 ደረጃዎች አንዱን እያነበቡ የሚወያዩበትን ነው፤ የሚነበበውን ክፍል ቀድመው ጠይቀው ቤትዎ በረጋ መንፈስ አንብበው መሄድ ይችላሉ። ተራ ሲደርስዎ «ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት» ማለት በቂ ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። በአብዛኞቹ ቡድኖች ልማድ የአንዱን ንግግር ሌላው አያቋርጥም፣ አይተችም፣ ምክር አይሰጥበትም። የሰዋስው ስሕተትዎን የሚቆጥር እንደሌለም ይመኑኝ፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከዚያ የባሰ የሚያፍርበት ነገር አለው።

በአማርኛ ቢሆን ብለው ተመኝተው ይሆናል። በኤኤ ወግ መሠረት መጠጥ ለማቆም ብለው የተሰባሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ፤ የማንም ፈቃድ አያሻቸውም። ሆኖም የሰባት ሳምንት ሰው ቡድን ሊመሠርት ሲነሣ ደስ አይለኝም። መጀመሪያ ዓመታት ካስቆጠሩት ጎን ይቀመጡ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ላለው ጊዜ ደግሞ በበይነ መረብ የሚካሄዱት ስብሰባዎች አሉልዎ። በዚያ ሰዓት በአቅራቢያዎ በአካል የሚገናኝ ቡድን ማግኘት ይከብዳል፤ ነገር ግን እርስዎ ዘንድ 4 ሰዓት ሲሆን ካሊፎርኒያ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የምዕራቡ ጠረፍ ሰዎች የማታ ስብሰባቸውን የሚጀምሩት እርስዎ ብቻዎን በሚቀሩበት ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። ካሜራዎን አጥፍተው፣ ስምዎን በፊደል ብቻ አስፍረው ጆሮዎን ሰጥተው መቀመጥ ይችላሉ። ይህ ግን ተጨማሪ ይሁን። በስክሪን ብቻ የሚያገግም ሰው የለም አልልም፤ ሆኖም የቀረ ሰው መቅረቱ በቶሎ የሚታወቀው ወንበሩ ባዶ ሲሆን ነው።

የሃይማኖቱን ጥያቄ አቅልዬ አላየውም። ቡድኖቹ በአብያተ ክርስቲያናት ምድር ቤት የሚሰበሰቡት ቦታው ርካሽና ማታ ማታ ባዶ ስለሆነ ነው። የአዳራሽ ኪራይ የሚከፍሉት ከዚያች ቅርጫት ነው፤ ኤኤ ከየትኛውም ቤተ እምነት ጋር አይተሳሰርም። «ከፍ ያለ ኃይል» የሚሉት እያንዳንዱ ሰው እንደ እምነቱ እንዲረዳው ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ ነው። ኦርቶዶክሱ እግዚአብሔርን፣ ሙስሊሙ አላህን ያስብበታል፤ እምነት የሌለው ደግሞ የቡድኑን ኅብረት። እጅ ተያይዘው የጸለዩትም ብዙ የአሜሪካ ቡድኖች የሚዘጉበት «አባታችን ሆይ» ሳይሆን አይቀርም። ካልፈለጉ እጅዎን ሳይሰጡ ዝም ብለው መቆም ይችላሉ፤ የሚቀየምዎ የለም።

ለንስሐ አባትዎ ግን አስቀድመው ይንገሩ። ከደረጃዎቹ አምስተኛው የበደሉትን ለእግዚአብሔር፣ ለራስና ለሌላ ሰው መናዘዝን ይጠይቃል፤ ይህም አንዳንድ ምእመናንን ያስጨንቃል፤ ምሥጢረ ንስሐን የሚተካ ይመስላቸዋልና። አይተካም። እዚያ የሚሰማዎ ሰው ሥልጣነ ክህነት የለውም፤ አለኝም አይልም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ እርስዎ ጠጥቶ፣ ዋሽቶ፣ ደብቆ ያውቃል። ጸበልዎንና ቅዳሴዎን በስብሰባ ምክንያት እንዲያቆሙ የሚነግርዎ ቢኖር የቡድኑ ሕግ እንዳይመስልዎ፤ የራሱ ሐሳብ ነው።

ይህ ሁሉ ተብሎም መንፈሳዊው ቋንቋ ካልተዋጠልዎ ስማርት ሪከቨሪ የሚባለውን ይሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተ ሲሆን የሚከተለው አስተሳሰብንና ባሕርይን ለመለወጥ የሚሠራውን የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ጸሎት የለም፤ ራስን «ሱሰኛ ነኝ» ብሎ ማስተዋወቅም ግዴታ አይደለም። የሠለጠነ አወያይ ይመራዋል፤ ሰዎች እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ በወረቀት ላይ የሚሠሩ መልመጃዎች አሉ፤ ለምሳሌ መጠጣትም ማቆምም የሚሰጡኝና የሚወስዱብኝ ምንድን ነው ብሎ ወረቀቱን በአራት ሳጥን ከፍሎ መጻፍ። በጽሑፍ ማሰብ ለሚቀልለው ሰው ይስማማል። ድክመቱ ስብሰባዎቹ ከኤኤ በእጅጉ ያነሱ መሆናቸው ነው፤ የእርስዎን ሰዓት የሚይዝ ላያገኙ ይችላሉ። ይህን የምታነቡ ሴቶች ደግሞ ከ1975 ጀምሮ ለሴቶች ብቻ የቆመ «ዊመን ፎር ሶብራይቲ» የተባለ ማኅበር መኖሩን እወቁ።

ኤኤ ይሠራል ወይ ካሉ፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2020 ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ተሳታፊዎችን አገላብጧል። ባለሙያዎች ሰዎችን ከኤኤ ጋር በሥርዓት ባገናኙባቸው ሕክምናዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ሳይጠጡ የቆዩት 42 በመቶ ሲሆኑ በሌሎቹ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች 35 በመቶ ነበሩ። ተአምር አይደለም፤ ግን በነጻ ለሚገኝ ነገር ቀላል ልዩነት አይደለም። ልብ ይበሉ፣ የተለካው አድራሻ ሰጥቶ መላክ ሳይሆን ባለሙያ እየተከታተለ ማገናኘት ነው። ሐኪምዎ «ስብሰባ ግባ» ብሎ ከተወዎት በሚቀጥለው ቀጠሮ የት እንደሄዱና ምን እንደገጠመዎ እንዲጠይቅዎ ራስዎ ያሳስቡት።

በቡድኖቹ ዘንድ «በ90 ቀን 90 ስብሰባ» የሚል የቆየ ምክር አለ። ትዳርና ፈረቃ ላለው ሰው እኔ እንዲህ አልልም። ለመጀመሪያው ወር በሳምንት ሦስት ምሽት በቂ ነው፤ ሁለት ሦስት የተለያዩ ቡድኖችን ይዩ፤ የወደዱትንም ያልወደዱትንም ቢያንስ ሁለት ሁለት ጊዜ። ሲመርጡ የሚያስተውሉት የንግግሩን ማማር አይሁን። ስብሰባው ሲያልቅ ወንበር የሚያጥፉትንና ቡና የሚያቀርቡትን ይዩ፤ ዓመታት ያለ መጠጥ የቆዩ ሰዎች ከመሃላቸው አሉ? አዲሱን ሰው ቀርበው ስሙን ይጠይቁታል? በሁለተኛው ቀን ያስታውሱታል? እነዚህ ካሉ ቀለማቸውም ዕድሜያቸውም የእርስዎን ባይመስል ይቆዩ። በቦታው የመገኘት ልማድ ከሌለዎት ደግሞ ወንበር የማጠፉን ሥራ ይጠይቁ፤ ሥራ የተሰጠው ሰው አይቀርም።

የማውቀው ሐበሻ ቢያየኝ ላሉት፣ ያ ሰው እዚያ የተገኘው በምን ጉዳይ ይመስልዎታል? ያም ሆኖ የከተማችንን ጠባይ አውቃለሁ፤ የአንዱ ቤት ወሬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ይዞራል። ከፈሩ ሃያ ደቂቃ ነድተው ወገን ወደማይበዛበት ሰፈር ይሂዱ። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። በኤኤ ስም አለመጥራትና የሰሙትን አለማውጣት ጠንካራ ወግ ነው፤ አባላቱ ግን እንደ ሐኪም ወይም እንደ ጠበቃ በሕግ የታሰሩ ምስጢር ጠባቂዎች አይደሉም። የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ወይም በወንጀል የሚያስጠይቅ ነገር ካለብዎ ለጠበቃዎ ይንገሩት እንጂ እዚያ አይዘርዝሩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስፖንሰር ይያዙ ይሉዎታል። ገንዘብ የሚከፍል ስፖንሰር ማለታቸው አይደለም፤ ደረጃዎቹን ቀድሞ ያለፈ፣ በስልክ የሚያገኙት ሰው ማለት ነው። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት መሆኑ የተለመደ ነው፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይጠጣ የቆየ ይሁን። ብድር የሚጠይቅዎ፣ ዕቃ ሊሸጥልዎ የሚሞክር፣ አዳዲስ ሴቶችን የሚያሳድድ ሰው ካዩ ይራቁት፤ እንዲህ ያለው በየቡድኑ ጥግ አይጠፋም። ሐኪምዎ መጠጥ ለማቆም የሚረዱትን ናልትሬክሶን ወይም አካምፕሮሴት አዝዞልዎት ከሆነም «መድኃኒት የሚወስድ አላቆመም» የሚል ሊገጥምዎ ይችላል። አይስሙት፤ የኤኤ የራሱ ጽሑፍ አባላት እንደ ሐኪም እንዳይሆኑ ይከለክላል።

ይህ ደግሞ በየቀኑ እየጠጡ ለሚያነቡኝም ጭምር ነው። ለሳምንታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በስብሰባ ተነሣሥቶ በራሱ በድንገት አያቁም። መንቀጥቀጥና ላብ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራሉ፤ የሚጥል መናድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊከሰት ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን መቃዠትና መደናገር ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ሊገድል ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ስብሰባ። ምልክቱ ከታየ 911 ይደወል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ 988።

በዓላትን በተመለከተ አሜሪካውያኑ በታንክስጊቪንግ፣ በገናና በአዲስ ዓመት ቀንና ሌሊት ሳይቋረጡ የሚቀጥሉ ስብሰባዎች ያዘጋጃሉ። የእኛን ፋሲካ፣ የእኛን ገናና እንቁጣጣሽ ግን የሚያስታውስልዎ የለም። የእርስዎ መውደቂያ ደግሞ ፋሲካ መሆኑን ራስዎ ጽፈውልኛል። ከበዓሉ አንድ ወር በፊት ለስፖንሰርዎ ቀኑን ይንገሩት። የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ የሚሄዱበትን ስብሰባ ቀድመው ይወስኑ፤ ጠጅና ቢራ ከሚቀርብበት ቤት የሚወጡበትንም ሰዓት ለባለቤትዎ ብቻ ይንገሩ። መኪናዎን መውጫው ላይ ያቁሙ። «በሞቴ» ለሚልዎ ዘመድ ረጅም ማብራሪያ አይስጡ፤ «መድኃኒት ላይ ነኝ» በቂ ነው፤ እጅዎ ባዶ ከሆነ ብርጭቆ ሞልቶ የሚሰጥዎ ስለማይጠፋ በእጅዎ ውኃ ወይም አምቦ ውኃ ይያዙ።

ስለ ባለቤትዎ ብዙ አልጻፉም። እርሳቸው ሌሊት ሥራ ላይ ሆነው «አሁን ጀምሮ ይሆን?» እያሉ ስልክ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እርስዎ ማቆምዎን በሰባት ሳምንት ላያምኑ ይችላሉ። ለቤተሰብ የቆመው አል-አኖን ይባላል፤ ከ1951 ጀምሮ ያለ ሲሆን ከኤኤ የተለየ ማኅበር ነው። ሌሊት ለሚሠራ ሰው የሚመቹት የጠዋት ስብሰባዎቹ ናቸው። ይሂዱ ብለው አያስገድዷቸው፤ ሰዓቱንና አድራሻውን ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉላቸው።